ሕመም የማይሰማው እግር

ሕመም መሰማቱ የአላህ (ሱ.ወ) ጸጋ ነው ብንል የሚገረም ይኖራል። የስኳር ሕመም ዓመታት የቆየበት ሰው ግን ነገሩ ይገባዋል። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ነርቮችንና እነርሱን የሚመግቡ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ቀስ በቀስ ይጎዳል። ሐኪሞች ጉዳቱን በአራት ይከፍሉታል።

አንደኛውና በብዛት የሚታየው የእግርና የእጅ ነርቮች ጉዳት ነው። ከእግር ጣቶች ይጀምራል፤ ይደነዝዛል፣ እንደ መርፌ ይወጋል፣ ያቃጥላል፣ ሌሊት ይብሳል። በኋላ ስሜቱ ይጠፋል። ሁለተኛው ሳናዝዛቸው የሚሠሩትን የልብ፣ የጨጓራ፣ የፊኛና የላብ ነርቮች ይነካል። ሦስተኛው ጭንና ዳሌን ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን በኃይለኛ ሕመም ይጀምርና ከመቀመጫ መነሳትን ያስቸግራል። አራተኛው አንድ ነርቭ ነጥሎ ይይዛል፤ የእጅ አንጓን፣ የፊትን ወይም ዓይንን የሚያንቀሳቅሰውን።

በረመዳን ይበልጥ የሚያሳስቡን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ስሜት ያጣ እግር ምስማር ቢወጋው፣ ሙቅ ውሃ ቢያቃጥለው አያውቅም። ስለዚህ ዓይናችን ይጠብቀው። ለውዱእ እግራችንን ስናጥብ የውሃውን ሙቀት አስቀድመን በክርናችን እንፈትን፤ በጣቶቻችን መሐል አይተን እናድርቅ፤ ውስጥ እግራችንን በመስተዋት ወይም በልጆቻችን ዓይን እናስፈትሽ። ከመስጂድ ስንወጣ ጫማችን ውስጥ ጠጠር እንዳይኖር በእጃችን እንዳስስ። ቁስል ወይም ውሃ የቋጠረ ቦታ ካየን ሳንውል ሳናድር ጤና ጣቢያ እንሂድ።

ሁለተኛው ጉዳት ያለበት ሰው ስኳሩ ሲወርድ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ መፍጠን ላያስጠነቅቁት ይችላሉ፤ ሳያስበው ራሱን ይስታል። በተራዊሕ ከሱጁድ ሲነሳም ሊያዞረው ይችላል። እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እህት በመለኪያ እንጂ በስሜት አይመራ። ጣትን ወግቶ ስኳርን መለካት ጾምን አያፈርስም። ልኬቱ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ፣ መግሪብ ሳይጠበቅ ጾሙ ይፈታል። የኪኒንና የኢንሱሊን ሰዓትም በሐኪም ምክር እንጂ በራስ ግምት አይቀየር።

በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ፈቃድ ተሰጥቷል፤ የሚድን በሌላ ቀን ቀዷ ያወጣል፣ መዳን የማይጠበቅለት በየቀኑ ምትክ ሚስኪን ያበላል። «ጾሜ ከሚቀር ልሙት» የሚሉ አባቶችና እናቶች በየሰፈራችን አሉ። ፈቃዱን የሰጠው ጾሙን ያዘዘው ጌታ ራሱ መሆኑን እናስረዳቸው። ሰውነት አማና ነው፤ እግርም ከአማናው አንዱ ነው።