«ሶላሩን አጠፋሁት» ስንል ምኑ ነው የጠፋው?

ሐይቅ ከተማም ሆነ አምባሰል ገጠር፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ያለው ሰው ማታ አምፖሉን ሲያጠፋ «ሶላሩን አጠፋሁት» ይላል። ፓነሉ ግን ማጥፊያ የለውም። ቀን ብርሃን እስካረፈበት ድረስ ገመዱ ጫፍ ላይ ቮልቴጅ አለ። እኛ ማድረግ የምንችለው የኤሌክትሪኩን መንገድ መቁረጥ ብቻ ነው። ማቋረጫ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ስንት ቮልት ነው? ባለ 36 ሴሉ፣ «የ12 ቮልት» የምንለው ፓነል፣ ምንም ሳይገናኝበት 21 ቮልት ገደማ ያሳያል። ባለ 72 ሴሉ 45 ገደማ ነው። ሦስቱን በተከታታይ ካያያዛችኋቸው 135 ቮልት ደረሳችሁ ማለት ነው። ሴሉ ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ስለሚጨምር ደግሞ በደጋ ብርዳማ ጠዋት ከዚህም ይበልጣል።

የቤት ብሬከር ለምን አይሆንም?

ብዙ ሰው «ብሬከር ብሬከር ነው» ብሎ የተለመደውን የኤሲ ብሬከር ይገጥማል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የመብራት ኃይል ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። ብሬከሩ ሲከፈት የሚፈጠረው ብልጭታ በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። ከፓነልና ከባትሪ የሚመጣው ዲሲ ግን ዜሮን አያውቅም። ብልጭታው ሳይቋረጥ ይነዳል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ እሳትም ያስነሳል። ስለዚህ «ዲሲ» የሚል የተጻፈበትን፣ የቮልት መጠኑም ከፓነሎቻችሁ የሚበልጠውን ምረጡ። አንዳንዱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ምልክት ስላለው ተገላቢጦሽ አይገጠምም።

የት የት ይቀመጥ?

አንዱ ማቋረጫ በፓነሉና በቻርጅ ኮንትሮለሩ መካከል ነው። ሁለተኛው ከባትሪው አጠገብ፣ ከፊውዝ ጋር ይሆናል። ባትሪ 12 ቮልት ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት። ሁለቱ ጫፎቹ ከተነካኩ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል፤ ገመዱን እንደ ፍም ለማቅላት ይበቃል።

ቅደም ተከተሉም አለ። ስታቋርጡ መጀመሪያ ፓነሉን፣ ቀጥሎ ባትሪውን። ስትመልሱ መጀመሪያ ባትሪውን። ፓነሉ ያለ ባትሪ ከተገናኘ ኮንትሮለሩ ሊበላሽ ይችላል።

መስመርም ሶላርም ላለው ቤት

ከሁሉም የሚያሳስበው ይኼኛው ነው። መብራት ሲጠፋ የኢንቨርተሩን ገመድ ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን በሙሉ የሚያበራ ሰው አለ። ዋናው ብሬከር ካልተዘጋ ያ 220 ቮልት ወደ ውጭ ይወጣል። ትራንስፎርመር ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፦ 15,000 ቮልቱን ወደ 220 እንደሚያወርደው ሁሉ፣ ከታች የመጣውን 220 ወደ ሺዎች ያወጣዋል። «የጎረቤቱ ጭነት ኢንቨርተሩን ያጠፋው የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል። መስመሩ ቅርብ ቦታ ላይ ተበጥሶ ከሆነ ግን ጭነቱ ትንሽ ስለሚሆን ኢንቨርተሩ መሥራቱን ይቀጥላል። ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ «መስመሩ ሞቷል» ብሎ ነው የሚነካው።

መፍትሔው ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ ነው። እጀታው ወይ መስመሩን ወይ ኢንቨርተሩን ያገናኛል እንጂ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያገናኝም። ሰው ቢረሳ እንኳ መሣሪያው አይረሳም።

ዛሬ ቤት ስትገቡ እስቲ እነዚህን ማቋረጫዎች ፈልጓቸው። ከሌሉ ባለሙያ ጥሩ፤ ካሉ ደግሞ የትኛው ምን እንደሚቆርጥ ጻፉባቸውና ለቤተሰቡ አሳዩ። እሳት ሲነሳ ቤት የሚገኘው ሰው ሶላሩን የገጠመው ላይሆን ይችላልና።