ሕይወትን የሚያኖር ፕላኔት፦ ከጫሞ ሐይቅ የሚታይ ተረትና እውነታ

ከአርባ ምንጭ ቁልቁል ሲያዩ ጫሞ ሐይቅ ተንጣሎ ይታያል። አዞው፣ ጉማሬው፣ ዓሣውና ዓሣ አጥማጁ ሁሉ በእሱ ይኖራሉ። ምድርን ለዚህ ሁሉ ሕይወት የተስማማች ያደረጋት ምን ይሆን? ብዙዎች አንድ ምክንያት ብቻ ይጠቅሳሉ፤ እውነታው ግን ሰፋ ይላል።

ተረት 1፦ ከፀሐይ ያለው ርቀት ልክ ከሆነ በቂ ነው።

እውነታ፦ ጨረቃ ከፀሐይ ያላት ርቀት ከምድር ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ሕይወት ግን አልተገኘባትም። ስበቷ ደካማ በመሆኑ አየር ይዛ ማቆየት አልቻለችም። ምድርም ሙቀት አማቂ ጋዞች ባይኖሯት ኖሮ አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሆን ነበር። ጋዙ ሲበዛም ይገድላል፤ የቬነስ ገጽ ሙቀት ከ460 ዲግሪ በላይ ነው።

ተረት 2፦ ውሃ ካለ ሕይወት አለ።

እውነታ፦ ጫሞን ያቀፈው ስምጥ ሸለቆ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ አፋር ውስጥ ዳሎል ይገኛል። እዚያም ውሃ አለ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር አላገኘም። በዚያው ዓመት የጥቃቅን ሕዋሳት ምልክት አገኘን ያሉ ተመራማሪዎችም ስላሉ ክርክሩ አልተዘጋም። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር ግን አለ፤ ውሃው ራሱ ሲከፋ ሕይወት እምብዛም መቆሚያ አታገኝም።

ተረት 3፦ እሳተ ገሞራ የሕይወት ጠላት ነው።

እውነታ፦ በቅርብ ያለውን ያጠፋል፤ በረጅሙ ዘመን ግን የአየር ንብረትን ያስጠብቃል። ዝናብ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ዓለት ያሟሟል፤ ካርቦኑ በወንዝ ባሕር ወርዶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። እሳተ ገሞራ መልሶ ወደ አየር ባይተፋው ምድር በቀዘቀዘች ነበር። የጫሞን ሸለቆ የሰነጠቀውም እሳተ ገሞራን የሚያንቀሳቅሰው የምድር ውስጣዊ ሙቀት ነው።

ተረት 4፦ አንዴ ለሕይወት የተስማማ ፕላኔት ለዘላለም ይስማማል።

እውነታ፦ ማርስ ላይ ጄዜሮ የተባለው ጎድጓዳ ስፍራ ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ሐይቅ ነበር። ፕላኔቷ መግነጢሳዊ ጋሻዋን ካጣች በኋላ አብዛኛው አየሯ ወደ ጠፈር ተገፍፎ ውሃዋ ከገጿ ጠፋ።

ስለዚህ ለሕይወት መስማማት በአንድ ስጦታ የሚገኝ ሳይሆን የብዙ ነገሮች ሚዛን ነው። ሐይቅም የራሱ ሚዛን አለው፤ የጋሞ ደጋ ሲራቆት ኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ የሚያወርደው ደለል ይበዛል። የማርስን ሐይቅ የሚመልስ የለም፤ ጫሞን መጠበቅ ግን በእጃችን ነው፤ ደጋውን በዛፍና በእርከን እንሸፍን።