የጊንጪ ጥያቄና የአቶ ለማ መልስ

ህዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. የምዕራብ ሸዋዋ የጊንጪ ከተማ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት የትምህርት ቤት ሜዳና የጭልሞ ደን ለባለሀብት ሊተላለፉ ነው በሚል ቁጣ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ሚያዝያ 2006 አምቦ ውስጥ ከተማዋን ወደ ዙሪያዋ የኦሮሚያ መሬት ያሰፋል የተባለውን የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የተቃወሙ ወጣቶች በጥይት ተገድለዋል። ሁለቱንም ያስነሳው አንድ ጥያቄ ነው፤ በምንኖርበት መሬት ላይ ሲወሰን ለምን አንጠየቅም? ክልሉን ያስተዳድር የነበረው ፓርቲ ኦህዴድ ጥር 2008 ማስተር ፕላኑ መቅረቱን ቢያስታውቅም ምዕራብ ሸዋ አልበረደም፤ ዕቅዱ ቢሰረዝም ወሳኙ አልተለወጠምና። አቶ ለማ መገርሳ በ2009 መጀመሪያ የኦሮሚያ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የተረከቡት ይህንን ጥያቄ ነበር። የመለሱት ግን ሌላ ነው።

መልሳቸው የኢኮኖሚ አብዮት ተባለ። ለዘመናት የበይ ተመልካች የሆነ ሕዝብ ከሀብቱ ይቋደስ የሚለው ሐሳብ ትክክል ነበር፤ በተወደደ አንደበት ስለቀረበም ብዙ ተስፋ አሳደረ። የክልሉ አስተዳደር ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙባቸው የፑሚስና መሰል ማዕድናት ማውጫዎች ለተደራጁ ወጣቶች እንዲተላለፉ ወሰነ። ሙገር አካባቢ ፋብሪካ የተከለው ዳንጎቴ ሲሚንቶም ውሳኔው ካልተነሳ ሥራ ላቆም እችላለሁ እስከ ማለት ደረሰ። እንደ ኬኛ መጠጦች ያሉ አክሲዮን ማኅበራትም ተቋቋሙ። ነገር ግን ማዕድኑን ከኩባንያ ነጥቆ ለወጣት ማኅበር የሰጠው ያው አስተዳደር ነው፤ ነገ ከማኅበሩ ነጥቆ ለሌላ ሊሰጥ የሚከለክለው ነገር አልነበረም። አክሲዮን የሚገዛውም ትርፍ ገንዘብ ያለው ነው፤ ማሳው በካሳ ስም በጥቂት ብር የተወሰደበት ገበሬ ከዚህ ድርሻ የሚደርሰው በወሬ ብቻ ነው።

ሥራ ለሌለው ወጣት መብት ምን ይጠቅመዋል የሚሉ አሉ። ረሃብ ቀጠሮ እንደማይሰጥ እቀበላለሁ፤ ይሁንና ወጣቱን ሥራ አጥ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የአባቱ መሬት ያለ ፈቃዱ መወሰዱ ነው። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለገበሬው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ እንዲከፈለው ያዝ ነበር። ካሳው አነሰኝ ብሎ ይግባኝ ለማለት ግን አስቀድሞ መሬቱን ማስረከብ ነበረበት። የካሳውን ስሌት የቀየረው አክሲዮን ማኅበር አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ካሳውን ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ አድርሶታል፤ አቅም ላለው ባለይዞታም መሬቱን ራሱ እንዲያለማ ቅድሚያ ሰጥቶታል።

ያለ እነ አቶ ለማ ይህ ሕግ ይወጣ ነበር ወይ ለሚለው ብርቱ ሙግት መልሴ ምናልባት አይወጣም የሚል ነው። ኦህዴድን ከውስጥ የለወጡት እርሳቸው ናቸው፤ ሚያዝያ 3 ቀን 2010 አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር አምቦ ስታዲየም ቆመው ሕዝቡን ያናገሩትም በዚያ ለውጥ ነው። አቶ ለማ ግን ሚያዝያ 2011 ከፕሬዚዳንትነት ወደ መከላከያ ሚኒስትርነት ተዛወሩ። ከእርሳቸው በኋላ ገበሬው ፍርድ ቤት ይዞት ሊቆም የሚችለው አዋጁን እንጂ ንግግራቸውን አይደለም። አዋጁም ቢሆን አልተሟላም፤ ልማቱ ለሕዝብ ጥቅም መሆኑን የሚወስነው አሁንም መሬቱን የሚወስደው አስተዳደር ነው፤ ከባለይዞታዎቹ ጋር የሚደረገው ምክክርም አስገዳጅነት የለውም። ሕግ አውጪው ባለይዞታዎቹ በአብላጫ ካልተስማሙ መሬቱ ከመወሰዱ በፊት ጉዳዩ ፍርድ ቤት እንዲታይ መደንገግ አለበት፤ ጊንጪ በ2008 የጠየቀችው ይህንኑ ነበር።