በገመድ መሰላል ወደ መርከብ የምትወጣዋ አስተማሪ

ሬስቶራንታችን 15 ዓመት ሲሞላው ልጆቼ ተመካክረው "አባዬ፣ ለአንድ ሳምንት ይዘጋ" አሉኝ። ከገናና ከፋሲካ ውጪ በሩን ዘግቼ ስለማላውቅ ቅር እያለኝ ነው የተስማማሁት። ከአትላንታ በአውሮፕላን ሲያትል፣ ከሲያትል በመርከብ አላስካ። እውነቱን ለመናገር ክሩዝ ሲባል እኔ የሚመጣልኝ ምግብ ነው። ለሦስት ቀን ያደረግኩትም እሱኑ ነው፤ እየበላሁ የሰው ኩሽና ስገመግም ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ግሌሸር ቤይ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ላይ መርከባችን ፍጥነቱን ቀነሰ። አንዲት ትንሽ ጀልባ መጥታ ከጎኑ ተጠጋች። ከጀልባዋ ላይ የደንብ ልብስ የለበሱ፣ ሻንጣ በጀርባቸው ያዘሉ ሰዎች የገመድ መሰላል ይዘው ወደኛ መውጣት ጀመሩ። የስደተኛ ነገር ሆኖ መጀመሪያ ያሰብኩት ፓስፖርቴን የት እንዳስቀመጥኩት ነው። ባለቤቴም ቦርሳዋን ስትዳብስ አየኋት። ለካ አስተማሪዎች ናቸው! የፓርኩ ሬንጀሮች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በፓርኩ ሕግ በቀን ከሁለት በላይ ትልልቅ የክሩዝ መርከቦች አይገቡም። ለሚገቡት ሬንጀሮች ጠዋት ይሳፈሩና ቀኑን ሙሉ አብረው ይውላሉ። አንደኛዋ ካፒቴኑ ካለበት ክፍል ሆና በማይክ መርከቡን ሁሉ ታስረዳለች፤ ሌሎቹ መንገደኛው መሐል እየተዘዋወሩ ጥያቄ ይመልሳሉ፣ ለልጆች ትምህርት ይሰጣሉ። ከሰዓት በኋላ ትንሿ ጀልባ ትመለስና በመጡበት መሰላል ይወርዳሉ።

እኔ ቁርሴን ልጨርስ ብዬ ውስጥ ቀረሁ። ድምጿ ግን በድምጽ ማጉያው እስከ ቡፌው ይመጣል። "አሁን የምንሄድበት ውሃ ከ250 ዓመት በፊት ውሃ አልነበረም" ስትል ሹካዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

በ1794 እ.ኤ.አ. የካፒቴን ጆርጅ ቫንኩቨር መርከበኞች እዚያ ሲደርሱ ባሕሩ ወደ የብስ የገባው ጥቂት ማይል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ግንብ የቆመ በረዶ ነው። ጆን ሙር የሚባለው ተፈጥሮ ወዳድ በ1879 በታንኳ ሲመጣ በረዶው ከ40 ማይል በላይ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ዛሬ የሸሸው 65 ማይል ግድም ነው። ከአትላንታ ተነስታችሁ አተንስ ለመድረስ ትንሽ ሲቀራችሁ ማለት ነው። አንድ ሰው "ታዲያ በዚያ ዘመን መኪና የት ነበረና ነው የቀለጠው?" ብሎ ጠየቀ። ሬንጀሯ አልተቆጣችም፤ ያኛው ሽሽት ድሮ በራሱ ምክንያት እንደጀመረ፣ ዛሬ ግን አብዛኛው የአላስካ በረዶ እየሳሳ ያለው ዓለም በመሞቋ እንደሆነ አስረዳችው። እንደዚህ ያለ መልስ ደስ ይለኛል፤ የማይመቸውን ሳይደብቅ የሚናገር።

ማርጀሪ የተባለው የበረዶ ግግር ፊት ስንደርስ መርከቡ ቆመ። ስፋቱ አንድ ማይል ያህላል፣ ከውሃው በላይ ወደ 250 ጫማ ከፍታ አለው። ቀለሙ ሰማያዊ ነው። በረዶው ለዘመናት ተጭኖ ተጨምቆ አየሩ ስለወጣለት ቀዩን ብርሃን ይውጠዋል፣ ሰማያዊውን ያሳልፈዋል አለችን። ድንገት አንድ ትልቅ ጎን ተናደ። ናዳውን ዓይናችን ካየው በኋላ ነው ድምጹ የደረሰን፣ እንደ ክረምት ነጎድጓድ። የአገሩ ሰዎችም "ነጭ ነጎድጓድ" ይሉታል። በአቅራቢያው ሲል የሚባሉት እንስሳት በሚንሳፈፍ በረዶ ላይ የሚወልዱበት አንድ ጥግ አለ፤ በወሊዳቸው ወራት ለክሩዝ መርከብ ዝግ ነው። ስንት ሺህ ዶላር የከፈለ መንገደኛ ለወላድ ተብሎ "አይገባም" ሲባል ሳይ፣ አራስ የሚከበርበት አገር ልጅ ነኝና ገባኝ።

በጣም የያዘኝ ግን የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ከሬንጀሮቹ ጋር አንዲት የሁና ትሊንጊት ተወላጅ ተሳፍራ ነበር፤ የቦታው ባለቤቶች እነሱ ናቸው። አያቶቿ የኖሩበትን መንደር በ1700ዎቹ አጋማሽ በረዶው መጥቶ ዋጠው። "ውሻ በሚሮጥበት ፍጥነት መጣ" ይላሉ። ነፍሳቸውን ይዘው ወጡ፤ ሌላ ቦታ ሰፈሩ፤ ዛሬ ሁና የምትባል ከተማ አላቸው። በረዶው ሲሸሽ መመለስ ጀምረው ነበር። በ1925 መንግሥት ቦታውን ጥብቅ ሲያደርገው ግን ቀስ በቀስ ዓሣ ማጥመዱ፣ የወፍ እንቁላል መልቀሙ ተከለከለባቸው። ፓርኩና እነሱ የታረቁት ብዙ ቆይቶ ነው። በ2016 እዚያው ባሕሩ ዳር የጎሳ ቤታቸው ተሠርቶ ተመረቀ። ይህቺ ሴት ማይክ ይዛ "አገሬ ነው፣ እንኳን ደህና መጣችሁ" ስትል ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘኝ። ባለቤቴ እንዳታይ ወደ ባሕሩ ዞርኩ።

የ16 ዓመቷ ልጄ ግን እዚያው ጠየቀችኝ። "አባዬ፣ የጣናን ጀልባ ላይ ማነው የሚያስረዳው?"

ተወልጄ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ጀልባ ላይ ስንወጣ ስለ ክብራን ገብርኤል፣ ስለ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ የትኛው ንጉሥ የት እንደተቀበረ የሚናገር አስጎብኚ ሞልቷል፤ ጎበዞችም ናቸው። ስለ ውሃው ግን? በጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እንዳሉ ያወቅኩት አሜሪካ ገብቼ፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። እኔ ዓሣ የማውቀው በጉላሽና በዱለት ነው። ዩኔስኮ በ2015 ጣናን በዓለም አቀፍ ጥብቅ ሥፍራነት መመዝገቡን፣ እምቦጭ በ2011 መታየቱን፣ ይሄን ይሄን ከዜና ሰምቻለሁ። እዚያው ዳርቻ ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩት፣ ድሮ ጉማሬ ያድኑ የነበሩት ነገደ ወይጦዎች ግን ከኔ ይልቅ ሐይቁን ያውቁታል። በልጅነታችን ግን እንደ እኩያ አናያቸውም ነበር። አንዳቸውም ማይክ ይዘው "አገሬ ነው፣ እንኳን ደህና መጣችሁ" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ይሄን ለልጄ በአማርኛ ስነግራት አፈርኩ።

ባለሙያ መርከብ ላይ ማሳፈር አዲስ ነገር አይደለም። ስዊድን ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ላርስ ኤሪክ ሊንድብላድ በ1966 ተራ ቱሪስቶችን ወደ አንታርክቲካ ሲወስድ አዋቂዎችን አብሮ አሳፈረ፤ መንገደኛው ሳይማር እንዳይመለስ ብሎ። ዛሬ ትንንሾቹ መርከቦች የራሳቸው ባለሙያ አላቸው፤ ትልልቆቹም ይቀጥራሉ። ግሌሸር ቤይን የሚለየው አስረጂዎቹ የፓርኩ ሠራተኞች መሆናቸው ነው።

ልጄ ሬንጀሯን "እንዴት እዚህ ሥራ ገባሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ባዮሎጂ ተምራ፣ በበጎ ፈቃድ ጀምራ፣ ከዚያ በየበጋው በጊዜያዊነት እየተቀጠረች እንደሆነ ነገረቻት። እኔ ውስጤ ወዲያው "በዚህ ሥራ ማን የቤት ብድር ይከፍላል?" አለ። አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ወላጆች፣ እናንተም ይሄን አረፍተ ነገር ታውቁታላችሁ።

ልጆች፣ ይሄ ደግሞ ለእናንተ። አሜሪካ ባሉት ብዙ ብሔራዊ ፓርኮች ጁኒየር ሬንጀር የሚባል ነገር አለ። መልመጃ ደብተር ይሰጧችኋል፤ ስትጨርሱ ቀኝ እጃችሁን አንስታችሁ ቃል ትገቡና ባጅ ትቀበላላችሁ። ትንሹ ልጄ መርከቡ ላይ ባጁን ካገኘ በኋላ ለሁለት ቀን ከደረቱ አልነቀለውም፤ ተኝቶም ጭምር።

አላስካ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እዚሁ ጆርጂያ፣ ከአትላንታ አምስት ሰዓት ያህል ቢነዳ ኦከፌኖኪ የሚባል ረግረግ አለ፤ ከ1937 ጀምሮ የተጠበቀ። እዚያም በጀልባ ይዞ እየዞረ የሚያስረዳ ሰው ታገኛላችሁ። ውሃው እንደ ወፈረ ሻይ ነው፤ ያጠቆረው የዕፅዋት ቅጠልና ሥር ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለም። መሬት የሚመስለው ነገር ለዘመናት የተከማቸ ብስባሽ ስለሆነ ሲረገጥ ይንቀጠቀጣል። አሊጌተሩንማ ልጆቹ ከእናንተ ቀድመው ያዩታል። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካላችሁ ደግሞ የፌዴራል ፓርኮችን መግቢያ ለቤተሰቡ ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ ስላለ አስተማሪያቸውን ጠይቁ። እኛ የሄድነው በሰኞ ነው፣ ሬስቶራንቱ ቀዝቀዝ በሚልበት ቀን። ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ስልኩን ተዉት፤ ጠይቁ። በአነጋገራችሁ የሚስቅ የለም።

ከአላስካ በተመለስን በሳምንቱ ልጄ ባሕር ዳር ላለው ታላቅ ወንድሜ ደወለች። እሱ በወጣትነቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር። በተሰባበረ አማርኛዋ "አጎቴ፣ ነጭ ዓሣ መቼ ነው ወንዝ የሚወጣው?" አለችው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። ክረምት ሲገባ፣ ጉማራና ርብ ሲደፈርሱ፣ ሊጥል ወደ ላይ እንደሚወጣ ነገራት። ያኔ ደግሞ እነሱ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተው ይጠብቁት እንደነበር፣ አንዳንድ ቀን ጀልባው እስኪሞላ ይይዙ እንደነበር።

"እንቁላሉን ሳይጥል?" አለችው።

ወንድሜ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። "አዎ ልጄ" አላት፤ "ማንም አልነገረንማ። አሁን በጣም አንሷል።"

አርባ ደቂቃ አወሩ። ካርዱ ካለቀ በኋላ ደብተሯን ይዛ ኩሽና ገባችና ጉማራ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ።