ያውቁ ኖሯል? ፍቺ በእስልምና፦ በ«ፈታሁሽ» ብቻ አያልቅም

● ከቁርአን 114 ምዕራፎች አንዱ ስሙ «ፍቺ» ነው። 65ኛው ሱራ፣ ሱረቱ ጦላቅ፣ 12 አንቀጾች አሉት።

● ባልና ሚስት ሲጣሉ ቁርአን የሚያዘው ሽምግልና ነው፤ አንድ ሽማግሌ ከእሱ ወገን፣ አንድ ከእሷ ወገን።

● ሚስትን በወር አበባዋ ጊዜ መፍታት ክልክል ነው። የዑመር ልጅ ዐብደላህ ይህን ባደረገ ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲመልሳት አዘውታል።

● ከፍቺ በኋላ ሴቷ የምትጠብቀው ጊዜ ኢዳ ይባላል። የወር አበባ ለምታይ ሦስት ዑደት፣ ለማታይ ሦስት ወር፣ ለነፍሰ ጡር እስክትወልድ ነው። ባሏ የሞተባት ደግሞ፣ ነፍሰ ጡር ካልሆነች፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ትጠብቃለች።

● ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው ፍቺ በኋላ ባል ኢዳው ሳያልቅ ያለ አዲስ ኒካህ (የጋብቻ ውል) ሊመልሳት ይችላል። እስከዚያው ከቤት ሊያስወጣት አይፈቀድለትም። ሊጎዳት አስቦ መመለስ ግን በቁርአን ተከልክሏል።

● ኒካህ ታስሮ አብረው ሳያድሩ ቢፋቱ ኢዳ የለም። መህሩ (ባል ለሚስቱ የሚሰጠው የጋብቻ ስጦታ) ተወስኖ ከነበረ ግማሹ የእሷ ነው።

● ሚስትም መውጫ አላት፤ ኹልዕ ይባላል። የሣቢት ኢብን ቀይስ ሚስት ነቢዩ ዘንድ ቀርባ፣ በባሏ ሃይማኖትም ጠባይም ነቀፌታ እንደሌላት፣ አብራው መኖር ግን እንዳልቻለች ተናገረች። በመህር የተቀበለችውን የአትክልት ቦታ መልሳ ተፋታች።

● ነጻ የወጣችው ባሪራ በባርነት ከቀረው ባሏ ከሙጊስ የመለየት ምርጫ ተሰጣት። እሱ በመዲና መንገድ እያለቀሰ ተከተላት፤ ነቢዩም «ብትመለሺለትስ?» አሏት። «ትእዛዝ ነው?» ብላ ጠየቀች። ምልጃ ብቻ መሆኑን ስትሰማ እምቢ አለች።

● በሺዓ ሕግ ሁለት ምስክር ያልሰማው ፍቺ አይጸናም። አብዛኞቹ የሱኒ ሊቃውንት ምስክር ይመክራሉ እንጂ አያስገድዱም።

● በአንድ ትንፋሽ ሦስቴ «ፈታሁሽ» ማለትን የአራቱ የሱኒ መዝሀቦች (የሕግ ትምህርት ቤቶች) አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደ ሦስት ፍቺ ቆጥረውታል፤ ሊቁ ኢብን ተይሚያ ግን አንድ ነው አሉ። የግብፅ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1929 አንድ አደረገው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ጭራሹን ሻረው።

● ባል የመፍታት ሥልጣኑን ለሚስቱ በውል ሊሰጣት ይችላል። በፓኪስታን የኒካህ ቅጽ 18ኛው መስመር የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

● በቱኒዚያ ከ1956 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከፍርድ ቤት ውጭ ፍቺ የለም፤ ለባልም ለሚስትም።

● በግብፅ የ2000 እ.ኤ.አ. ሕግ ሚስት መህሯን መልሳ፣ የገንዘብ መብቷን ትታ፣ ባሏ ባይፈቅድም በፍርድ ቤት ኹልዕ እንድታገኝ አድርጓል።

● በአገራችን የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ሦስት ደረጃ አላቸው፦ መጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) ግን በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ላይ አስሮታል። ባል «ቃዲ (የሸሪዓ ዳኛ) ይዳኘን» ቢልና ሚስት ባትስማማ፣ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።