ዝገት የበሳውን የሞተር ሳይክልና የውሃ መሳቢያ ሞተር የነዳጅ ታንከር መጠገን

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ

በዋግ ኽምራ ከቀበሌ ወደ ሰቆጣ ገበያ ማርና እንቁላል የሚያመላልሰው ሞተር ሳይክል፣ በተከዜ ተፋሰስ ባሉት የዝቋላ፣ የአበርገሌና የሳህላ ቀበሌዎች ደግሞ ማሳ የሚያጠጣው የውሃ መሳቢያ ሞተር የእርሻ ሥራችን አካል ሆነዋል። የሁለቱም የነዳጅ ታንከር አብዛኛውን ጊዜ ከስስ ቆርቆሮ ስለሚሠራ ዝገት ይበሳዋል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ታንከር በአንድ ቀንና ሌሊት ከ1 ሊትር በላይ ቤንዚን ያባክናል።

ቀዳዳ ሲታይ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው «ቤንዚኑን ገልብጬ ለበያጅ ልስጠው» የሚል ነው። ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቤንዚኑ የተገለበጠ ታንከር ባዶ አይደለም፤ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ትንሽ ቀዳዳ ግን ያለ ምንም እሳት መጠገን ይቻላል። ይህ ጽሑፍ የሚያሳያችሁ ይህንኑ ነው።

1. ታንከሩ ለምን ከውስጥ ይዝጋል?

ብረትን የሚያዝገው ቤንዚኑ ሳይሆን ከቤንዚኑ ጋር ያለው ውሃ ነው። ውሃው በሁለት መንገድ ይገባል።

አንደኛ፣ ግማሽ ጎዶሎ ታንከር ውስጥ አየር አለ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 200 ሜትር በላይ ስለሆነች ቀን ፀሐይ ሌሊት ብርድ ይፈራረቅባታል። ቀን የሞቀው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ የድስት ክዳን እንደሚያልበው ሁሉ፣ የታንከሩ ግድግዳ ከውስጥ ውሃ ያዝላል። ሁለተኛ፣ በጄሪካን የሚመጣ ነዳጅ ውሃና አፈር ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የክረምት ዝናብም በላላ ክዳን በኩል ይሰርጋል።

ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ጥግ ይይዛል። ሞተር ሳይክል በጎን ማቆሚያው ላይ ሲቆም ወደ ግራ ስለሚያዘነብል ውሃው በግራ በኩል የታችኛው ጥግ ላይ ይተኛል። ፍተሻችሁን ከዚያ ጀምሩ።

2. «ባዶ» ታንከር ለምን ይፈነዳል?

የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ከፈሳሹ የሚወጣው ትነት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል፤ ስለዚህ የእኛ ደጋ ብርድ ዋስትና አይሆንም። ትነቱ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ከመቶው 1.4 እስከ 7.6 እጅ ከሆነ ይፈነዳል።

ይህን በሥራችሁ መጠን አስቡት። 10 ሊትር በሚይዝ ታንከር ውስጥ የቀረ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤንዚን ለፍንዳታ በቂ ነው። በመገጣጠሚያውና በዝገቱ ቅርፊት ውስጥ የሚቀረው ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። እስከ አፉ የተሞላ ታንከር ለአየር ቦታ የለውም፤ የተገለበጠው ግን ትነትም አየርም አለው። ናፍጣ የነበረበት ታንከርም የብየዳ ሙቀት ሲነካው ትነት ስለሚያወጣ «ናፍጣ አይፈነዳም» ብላችሁ አትዘናጉ።

3. ቀዳዳውን መመዘን

ታንከሩን ከውጭ አጥባችሁ አድርቁትና የተጠረጠረውን ቦታ የጠመኔ ዱቄት ነስንሱበት፤ የሚረጥበው ነጥብ ቀዳዳው ነው። ዙሪያውን በመፍቻ እጀታ ቀስ ብላችሁ ኳኩት፤ ብረቱ የሚሰረጎድ ከሆነ ሳስቷል ማለት ነው።

ሀ. ከጤፍ እስከ ስንዴ ፍሬ የሚያክል ቀዳዳ ሆኖ ዙሪያው ጠንካራ ከሆነ፦ በኢፖክሲ ሙጫ ይጠገናል።
ለ. የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ከሆነ፦ ኢፖክሲ ከቆርቆሮ ልጣፍ ጋር ያስፈልገዋል።
ሐ. ቀዳዳው ብዙ ከሆነ ወይም ብረቱ በሰፊው ከሳሳ፦ ታንከሩ ይቀየር። አንዱን ስትደፍኑት ሌላው ይከፈታል።

4. ያለ እሳት የመጠገን ቅደም ተከተል

1ኛ. ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ባትሪ ካለው ገመዱን ንቀሉ። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ፣ ከምድጃ፣ ከሲጋራና ከስልክ ርቆ ይሁን። ልጆች አይቅረቡ።

2ኛ. ቤንዚኑን ክዳን ባለው የነዳጅ ጄሪካን ገልብጡ። ታንከሩን ፈትታችሁ ክዳኑን፣ ሩቢኔቶውንና የነዳጅ መጠን ጠቋሚውን አውጡ።

3ኛ. በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ቢያንስ ሦስት ጊዜ እጠቡት። ውሃው ርቆ ይፍላ፤ ምድጃው ወደ ታንከሩ፣ ታንከሩም ወደ ምድጃው አይምጣ። እጣቢውን ከምንጭ፣ ከቦይና ከማሳ ርቃችሁ ድፉት።

4ኛ. ዝገቱን ለማርገፍ እፍኝ ብሎንና ዳዶ ቆጥራችሁ ጨምሩና ናጡት፤ ቆጥራችሁም አውጡ። ቀጥሎ ቀዳዳውን ከውጭ በጊዜያዊነት ድፈኑና አቼቶ ሞልታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት።

5ኛ. አቼቶውን ደፍታችሁ በአመድ ውሃ፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ወዲያውኑ ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ የተጸዳ ብረት እርጥብ ከቆየ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል።

6ኛ. ጊዜያዊ መድፈኛውን አንሱ። በቀዳዳው ዙሪያ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቁ፤ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ። ቅባትና ውሃ ካለ ሙጫው አይዝም።

7ኛ. ነዳጅ እንደሚችል የተጻፈበትን፣ በሁለት ቱቦ የሚሸጥ ኢፖክሲ በተጻፈው መጠን አዋህዳችሁ ቀቡ። ቀዳዳው ሰፋ ካለ የተፋቀ ቆርቆሮ ልጣፍ ከላዩ ተጭናችሁ ጠርዙን እንደገና ቀቡ። ቢያንስ 24 ሰዓት ይድረቅ፤ ብርድ ማድረቂያውን ስለሚያዘገይ ሌሊት ቤት አስገቡት፤ ቀን ፀሐይ ይምታው።

8ኛ. ውሃ ሞልታችሁ በደረቅ ወረቀት ላይ አሳድሩት። ወረቀቱ ካልረጠበ ውሃውን ድፉ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቁ፣ ከዚያ ግጠሙት።

5. ብየዳ የግድ ሲሆን

ሥራው ይህን ለለመደ ባለሙያ ብቻ ይሰጥ። እናንተ ግን አራት ነገር ጠይቁ፦ ታንከሩ ከሞተሩ ተፈትቷል? ደጋግሞ ታጥቧል? ቀዳዳው ወደ ላይ ዞሮ እስከ ቀዳዳው ሥር ውሃ ተሞልቷል? ክዳኑና ሩቢኔቶው ወጥተው አፎቹ ክፍት ናቸው? ለአንዱ እንኳ መልሱ «አይ» ከሆነ ታንከራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። «አይሸትም» የሚል መልስ በቂ አይደለም። በኤሌክትሪክ ብየዳ ስስ ቆርቆሮ በቀላሉ እንደሚበሳም አስታውሱ።

6. መንገድ ላይ ቢያፈስ

ሞተሩን አጥፉ። የፈሰሰው ቤንዚን የጋለ ማርሚታ ላይ ከደረሰ ሊቀጣጠል ይችላል። ደረቅ የልብስ ሳሙና ቀዳዳው ላይ ጫን አድርጋችሁ እሹት፤ ሳሙና በቤንዚን ስለማይሟሟ ለጊዜው ይይዛል፤ ይህም ቅርብ ቦታ ለመድረስ ብቻ ነው። ማስቲካ፣ ሲሊኮንና የከመነዳሪ ቁራጭ አትጠቀሙ፤ ቤንዚን ያላላቸዋል ወይም ያሳብጣቸዋል። እሳት ቢነሳ አፈር ወይም አሸዋ አልብሱት፤ ውሃ የሚነደውን ቤንዚን ያዛምተዋል። የተቃጠለ ሰው ካለ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡት።

7. ዳግም እንዳይበሳ

• በጄሪካን የመጣ ነዳጅ ሌሊቱን ይርጋ፤ ስትቀዱ የታችኛውን አታፍስሱ፤ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ።
• በወር አንድ ጊዜ ሩቢኔቶውን ከፍታችሁ የታችኛውን ጥቂት ነዳጅ በብርጭቆ ተቀበሉ። ከሥር የተለየ ንጣፍ ከታየ ውሃ ነው፤ ንጹሕ ነዳጅ እስኪመጣ አፍስሱት።
• የክዳኑን ጎማ ፈትሹ፤ ከተሰነጠቀ ቀይሩ።
• የውሃ መሳቢያው ሞተር ለክረምት ሲቆም ታንከሩን አድርቁትና ግማሽ ስኒ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ግድግዳው እስኪለብስ አገላብጡት። ማስቀመጫው ከማድ ቤት የተለየ ይሁን።
• የነዳጅ ጄሪካን ለውሃ፣ ለጠላ ወይም ለማር አይዋል።

የቡድን ሥራ

በልማት ቡድናችሁ ስትገናኙ ያሏችሁን ታንከሮች አንድ በአንድ በጠመኔ ፈትሹ፤ በሀ፣ በለ እና በሐ መድቡ። ከዚያ እያንዳንዱ አባል ይህን ጥያቄ በራሱ ቃል ይመልስ፦ ከሞላውና ከተገለበጠው ታንከር፣ ለበያጅ እሳት የበለጠ የሚያሰጋው የትኛው ነው? ለምን? መልሱን ለጎረቤቱ ማስረዳት የቻለ አርሶ አደር ሥልጠናውን በሚገባ ተከታትሏል።