የጓሳ ቄሮ፦ ሀብት በሥርዓት ሲታጨድ

ሀብት መፈለግ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያለው በአያያዙ ነው። የጥንት የሂንዱ ሊቃውንት ሀብትን ከአራቱ የሕይወት ግቦች አንዱ አድርገው ሲቆጥሩ፣ «ዳርማ» ለሚሉት የጽድቅ ሥርዓት እንዲገዛ አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። በመንዝ ደጋ ይህንኑ ሐሳብ ለዘመናት በሥራ ያዋለው ቄሮ የሚባለው የጓሳ አጠባበቅ ሥርዓት ነው።

ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። በሣሩ ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች ቦታውን በጋራ ይዘውት፣ አባ ቄራ የሚሉትን አለቃ ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ጓሳው ለዓመታት፣ አንዳንዴ እስከ አምስት ዓመት፣ ይዘጋ ነበር። ሣሩ መድረሱን አለቃው ሲያይ በበጋ ያስከፍተው፣ ክረምት ሲቃረብም መልሶ ይዘጋው ነበር። ሰርቆ ባጨደው ጓሳ ቤቱን የከደነ ሰው ቅጣቱ ቤቱን እስከ ማቃጠል ይደርስ ነበር። ቅጣቱ ከባድ ነው፤ የጋራ ሀብትን መስረቅ ምን ያህል እንደሚያስጠላ ግን በግልጽ ያሳያል።

«ይህ ችግር የወለደው ብልሃት እንጂ ሥነ ምግባር አይደለም» የሚል ይኖራል። ችግር ግን ሰውን ዛሬውኑ እጨድ ነው የሚለው። ቤቱ እያፈሰሰ፣ ማጭዱ እጁ ላይ እያለ፣ ለጎረቤቱና ለልጁ ሲል ዓመታት የሚታገሥ ሰው የሚገዛው ከችግሩ በላይ ለሆነ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ መብቱ በዘር የታጠረ ስለነበር ርስት የሌለው ሰው ከጓሳው አይካፈልም ነበር። ይህ እውነተኛ በደል ነው፣ ላስተባብለው አልችልም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የርስትን አጥር ሲያፈርስ ፍትሕ አመጣ፤ ሆኖም የጥበቃው ሥርዓትም አብሮ ፈረሰና ጓሳው ባለቤት እንደሌለው ንብረት ያለ ወቅቱ ይታጨድና ይጋጥ ጀመር። ስሕተቱ ድርሻውን ማስፋቱ ሳይሆን ግዴታውን መጣሉ ነበር።

የመንዝ ሰዎች ኋላ በማኅበረሰብ ምክር ቤት ጥበቃውን መልሰው አቋቁመዋል፤ የአማራ ክልልም በሕግ ዕውቅና ሰጥቶታል። ዛሬ በጓሳው የመጠቀም መብት የሚመነጨው ከአስቦና ከጌራ ዘር ከመሆን ሳይሆን፣ በአካባቢው ከመኖርና የመተዳደሪያ ደንቡን ከማክበር ነው።